ቀረጥ ወይስ ክፍያ? የቃሊቲ መንገድ ቃላት

መንገድና ንግድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በግእዝ ነገደ ማለት ተጓዘ፣ ካገር አገር ዞረ፣ ሸቀጥ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ነጋዲ የሚለው ስም ጨው የጫነውንም ይጠራል፣ ኢየሩሳሌም ሊሳለም የተነሣውንም ይጠራል። ከነበረ መንበር፣ ከዘገበ መዝገብ፣ ከቀደሰ መቅደስ እንደወጣ ሁሉ ከነገደም መንገድ ወጣ፤ የሚነገድበት፣ የሚኬድበት ስፍራ ማለት ነው። ከሩቅ መጥቶ ደጃፍ ላይ የሚቆመው እንግዳም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ነጋድራስ የሚለው የሹመት ስም ደግሞ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሆኖ፣ ሹሙ የገበያ ዳኛም የቀረጥ ሰብሳቢም ነበር። ተጓዡ፣ ነጋዴው፣ እንግዳውና ቀረጥ ተቀባዩ በአማርኛ ከአንድ ሥር መብቀላቸው መንገድ ምን እንደነበረ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ይህን ዝምድና በዓይን ማየት የፈለገ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ይውረድ። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሣው ኮንቴይነር፣ ከአዳማና ከቢሾፍቱ የሚመላለሰው ሰው ወደ ከተማው የሚገባው በዚህ በር ነው። ቃሊቲ ጉምሩክ እዚሁ ነው። የቀለበት መንገዱ የደቡብ ጠርዝ እዚሁ ነው። ወረድ ብሎ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ይህ መንገድ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው፤ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው የክፍያ የፍጥነት መንገድ ነው። የሚያስተዳድረው ድርጅት የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ይባላል። የዚህን ስም አንድ ቃል፣ ክፍያ የሚለውን፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነውና።

ከእንግዶቹ ቃላት እንጀምር። ትራፊክ የጣልያኖች ትራፊኮ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ንግድ፣ የሸቀጥ ዝውውር ነበር። እንግሊዞችም በ16ኛው ምእተ ዓመት ሲወስዱት ንግድ ብለው ነው የወሰዱት፤ ለተሽከርካሪ የዋለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ደረጃ ወጥቶ ሰው ሆኗል፤ «ትራፊክ አስቆመኝ» ሲባል ፖሊሱ ነው የሚታሰበን። ጉምሩክም እንዲሁ ሩቅ ተጉዟል። ሮማውያን ንግድን ኮመርኪዩም ይሉት ነበር፤ የቢዛንታይን ግሪኮች ቃሉን ኮመርኪዮን አድርገው በንግድ ላይ ለሚጣል ቀረጥ ሰጡት፤ ቱርኮች ጉምሩክ አሉት፤ ከቱርክ ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን ሲይዙ ቃሉ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ጣልያኑም ሮማዊውም ሐበሻውም ሳይማከሩ፣ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ነገር በንግድ ስም ጠሩት።

ኬላ ግን የቅርብ ቃል ነው። በኦሮምኛ በር፣ መግቢያ ማለት ነው። በግቤ መንግሥታት፣ በጅማ፣ በሊሙ፣ በጎማ፣ እንዲሁም በከፋ፣ አገሩ በቦይና በአጥር ይከበብ ነበር፤ መግቢያና መውጫው ኬላ ይባል ነበር። ኬላ ላይ ጠባቂ ይቆማል፤ ማን እንደመጣ ይጠይቃል፤ ከነጋዴው የሚገባውን ይቀበላል። በአማርኛ ቃሉ ከበርነቱ ይልቅ የጠባቂውን ሥራ ይዞ ቀረ። በ19ኛው ምእተ ዓመት በሰሜኑም በደቡቡም የተጓዙ የውጭ ሰዎች፣ ሲራራ ነጋዴ በየወንዙና በየተራራው አፍ እየቆመ አሞሌና ብር እንደሚቆጥር ጽፈዋል። አንዱ ሹም የተቀበለው በሚቀጥለው ሹም ዘንድ ለነጋዴው አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሸቀጡ በዋጋ ያብጣል።

በኛ ዘመን ደግሞ ቃሉ መራራ ትዝታ ተሸክሟል። በደርግ ጊዜ እህል ካንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው በነፃ እንዳይንቀሳቀስ ኬላ ይጠብቀው ነበር፤ ነጋዴው ከጫነው ላይ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በተቆረጠ ዋጋ ካላስረከበ አያልፍም። ያ ገደብ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ዛሬም «ኬላ ጥሶ ሲያመልጥ» የሚለው የፖሊስ ዜና፣ «ሕገወጥ ኬላ» የሚለው የሾፌሮች እሮሮ በቃሉ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ያድሱታል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለውን የክፍያ ጣቢያ ኬላ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር ነው የሚጠራው።

ወደ ቀረጥ ስንመጣ ሥሩ ስለት አለው። በግእዝ ቀረጸ ማለት ቆረጠ፣ ፈለፈለ፣ በስለት አበጀ ማለት ነው። የግእዝ ጸ በአማርኛ አፍ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል፤ ጾም ጦም እንደተባለው ሁሉ ቀረጸም ቀረጠ ሆነ። ሁለቱም መልኮች አብረውን ይኖራሉ። ቀረጸ ለእጅ ጥበብና ለድምፅ ቀረጻ ቀረ፤ ቀረጠ ወደ ሹሙ እጅ ሄደ። ቀረጥ እንግዲህ ከሰው ሀብት ላይ የሚቆረጥ ነው። ቆራጭና ተቆራጭ አሉት፤ የተቆረጠለት ግን በቃሉ ውስጥ አይታይም። ግብርም ቢሆን ከገብረ፣ ከሠራ፣ ከአገለገለ የመጣ በመሆኑ ቢያንስ ሥራን ያስባል። ቀረጥ የሚያስበው ስለቱን ብቻ ነው።

ክፍያ ከዚህ ይለያል። ከፈለ በግእዝ አካፈለ፣ ለየ፣ ድርሻ ድርሻውን ሰጠ ማለት ነው። ክፍል፣ ክፍለ ጊዜ፣ ክፍልፋይ፣ ክፍለ ጦር፣ ሁሉም ከዚያ ናቸው። አቃቂ ቃሊቲ ራሱ ክፍለ ከተማ ነው፤ ከከተማው አንዱ ድርሻ። በአማርኛ ከፈለ ገንዘብ ሰጠ ወደሚለው የተሸጋገረው በድርሻ በኩል ነው፤ የከፈለ ሰው ከወጪው ላይ የራሱን ድርሻ አወጣ ማለት ነው። «የክፍያ መንገድ» ሲባል እንግዲህ ቃሉ በቀጥታ ሲነበብ የድርሻ መንገድ ይላል። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ከቀረጥ ይልቅ ክፍያን መምረጡ ትልቅ ነገር ነው። ድርሻው ግን የምን ድርሻ ነው? ይህን የሚመልሱልን የመንገድ ሒሳብ የሠሩ ሰዎች ናቸው።

አማርኛ «የትራፊክ ፍሰት» ይላል፤ ሰው ብዙ ሲመጣ ደግሞ ጎረፈ ይላል። ይህ አነጋገር ከሒሳቡ ጋር መገጣጠሙ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት እንግሊዛውያን የሒሳብ ሊቃውንት፣ ጄምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊታም፣ ተከታታይ ሁለት ጽሑፎች አሳተሙ። የመጀመሪያው ስለ ረጃጅም ወንዞች ጎርፍ ነበር፤ ሁለተኛው ስለ ረጃጅምና የተጨናነቁ መንገዶች ነበር። ሒሳቡ አንድ ነው። በዓመቱ ፖል ሪቻርድስ የሚባል አሜሪካዊ ከነሱ ሳይሰማ እዚያው ደረሰ። መነሻቸው አንድ ቀላል እኩልታ ነው፦ ፍሰት ማለት ጥግግት በፍጥነት ሲባዛ ነው። ጥግግት ከጠጋ የወጣ ቃል ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት መኪና ተጠጋግቶ አለ እንደማለት። ፍሰት ደግሞ በሰዓት ስንት መኪና አለፈ የሚለው ነው።

ከነሱ ሃያ ዓመት በፊት፣ በ1935፣ ብሩስ ግሪንሺልድስ የተባለ መሐንዲስ በኦሃዮ መንገዶች ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ መኪናዎች በተጠጋጉ ቁጥር ፍጥነታቸው በቀጥታ መስመር እንደሚወርድ ጽፎ ነበር። በእሱ ቀመር አንድ ረድፍ እናስብ። መንገዱ ባዶ ሲሆን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይነዳበታል እንበል፤ በኪሎ ሜትር 120 መኪና ሲሞላበት ደግሞ ሁሉም ይቆማል። በኪሎ ሜትር 20 መኪና ሲኖር ፍጥነቱ 67 ገደማ ነው፤ በሰዓት 1,333 መኪና ያልፋል። 60 ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 40 ይወርዳል፤ የሚያልፈው ግን 2,400 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። 100 ሲሆን ፍጥነቱ 13 ብቻ ነው፤ የሚያልፈውም ተመልሶ 1,333 ይሆናል። ይህን ቁጥር ደግማችሁ እዩልኝ። መንገዱ ያሳለፈው መኪና በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሁኔታ እኩል ነው፤ በአንደኛው ሰዉ በደስታ ነዳ፣ በሌላኛው ሞተር እያስጮኸ ተሰቃየ። ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የሚገባ ሁሉ ሁለተኛውን ሁኔታ ያውቀዋል።

ረድፍ የሚለው ቃልም እዚህ ይናገራል። የዓረብኛ ዘመዱ ረዲፈ ማለት ተከተለ፣ ከኋላ ሆነ ነው፤ ረድፍ የሚከታተሉ ነገሮች ሰንሰለት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ሮበርት ኸርማንና ባልደረቦቹ የሠሩት የመከተል ሒሳብ ይኸው ነው፦ ኋለኛው ሾፌር የፊተኛውን እያየ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ይፈጥናል ወይም ይይዛል። ያቺ መዘግየት ናት መዘዙ። ፊተኛው ትንሽ ፍሬን ሲነካ ሁለተኛው በዝቶ ይይዛል፣ ሦስተኛው ይብሳል፣ ሃያኛው ይቆማል። ጃፓኖች በ2008 ይህን በሙከራ አሳዩ፤ 230 ሜትር በሚሆን ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ተደረገ። አደጋ የለም፣ መብራት የለም፣ የጠበበ ቦታ የለም፤ ግን ጥቂት ቆይቶ የቆሙ መኪኖች ጥቅል ተፈጥሮ ወደ ኋላ ይጓዝ ጀመር። ቀለበት መንገድ ላይ ቆመን «ከፊት ምን ደረሰ?» ብለን ብዙ ጊዜ ጠይቀናል። አንዳንዴ ከፊት ምንም አልደረሰም።

ክፍያ ጣቢያው ላይ ሲደረስ ረድፉ ሰልፍ ይሆናል። ሰልፍ የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ተሰለፈ ማለት ለውጊያ ተደረደረ ማለት ነበር፤ ዳቦ ቤትና ታክሲ ተራ የመጣው በኋላ ነው። የሰልፍ ሒሳብ የተጀመረው በ1909 ኮፐንሃገን ውስጥ፣ አግነር ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች ሲያስብ ነው፤ ወደ ክፍያ ጣቢያ ያመጣው ደግሞ ሌስሊ ኤዲ የሚባል የኒው ዮርክ ወደብ ባለሥልጣን ሠራተኛ ነው፣ በ1954። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መስኮት ለአንድ መኪና 12 ሰከንድ ቢወስድ በሰዓት 300 መኪና ያስተናግዳል። መኪኖቹ እንደ ዕድላቸው እየተንጠባጠቡ ሲመጡና የያንዳንዱም ጉዳይ አጥሮና ረዝሞ ሲለያይ፣ 270 ቢመጡ በአማካይ 9 መኪና መስኮቱ ላይ ይገኛል። 285 ቢመጡ 19። 297 ቢመጡ 99። ከ270 ወደ 297 የጨመረው ከአሥር አንድ እጅ ነው፤ ሰልፉ ግን አሥራ አንድ እጥፍ ሆነ። አንድ መስኮት ተጨማሪ መክፈት ምን ያህል ሰው እንደሚያሳርፍ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል። ጨነቀ አንድ ሰው በራሱ ልብ የሚሸከመው ነው። ተጨናነቀ ስንል ግን የሥሩን መካከለኛ ፊደል ደግመን፣ በመካከሉ አ አስገብተን፣ እርስ በርስ እናደርገዋለን፤ እንደ ተጠላለፈ፣ እንደ ተነካካ። መጨናነቅን ብቻውን የሚሠራው ሰው የለም። ሁሉም ይጨነቃል፣ ሁሉም ያስጨንቃል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ለማየት ብዙ ገጽ ጽፈዋል። አርተር ፒጉ በ1920 ሁለት መንገዶችን በምሳሌ አቀረበ፤ ጥቂት ተጓዦች ከተጨናነቀው ወደ ሌላው ቢዛወሩ በተጨናነቀው ላይ የቀሩት በጣም ይቀልላቸዋል፣ ሌላው ግን ብዙም አይከብደውም፤ ስለዚህ በተጨናነቀው ላይ ተገቢ ክፍያ ቢጣል ይሻላል አለ። ዊልያም ቪክሪ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዋጋው ከሰዓቱ ጋር ይለዋወጥ እያለ ሲወተውት ኖሮ በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናውን በሰማ በቀናት ውስጥ አረፈ።

በቅድሙ ረድፋችን ላይ ሒሳቡን እንሥራው። በኪሎ ሜትር 60 መኪና ባለበት ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሾፌር ሲገባ ለራሱ አንድ ኪሎ ሜትር በ90 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። በመግባቱ ግን የሌሎቹን ስድሳ ሰዎች ጉዞ በአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያዘገያል፤ ቢደመር ሌላ 90 ሰከንድ ነው። የራሱን ዘጠና ያየዋል፤ ያኛውን ዘጠና አያየውም፣ ለስድሳው አካፍሎታል። አካፈለ፣ ከከፈለ። 20 መኪና ብቻ ባለበት ሰዓት ቢገባ በሌሎች ላይ የሚያደርሰው መዘግየት ተደምሮ 11 ሰከንድ ነው። የድርሻው ልክ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቀን ከሌት አንድ ሊሆን አይችልም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ሒሳብ ወደ አስፋልት አወረዱት። በ1995 በኦሬንጅ አውራጃ በመንገድ ቁጥር 91 መካከል አራት ረድፎች ተከልለው ዋጋቸው እንደ ሰዓቱ እንዲለያይ ተደረገ። በሳን ዲዬጎ ደግሞ ብዙ ሰው ለጫኑ መኪናዎች ብቻ የተተወው ረድፍ ባዶ ሲውል፣ በ1996 ብቻቸውን ለሚነዱ በወርሃዊ ክፍያ ተከፈተ፤ በ1998 ደግሞ ዋጋው በየ6 ደቂቃው ጥግግቱን እያየ ይወጣ፣ ይወርድ ጀመር። ብዙ ሰው የጫነው በነፃ ያልፋል። ዋጋው የሚጠብቀው ረድፉ በቅድሙ ምሳሌያችን እንዳየነው የ60 መኪና ዓይነት ጫፍ አልፎ እንዳይወድቅ ነው። የተከለለ ረድፍ የምንለውም ያረጀና የከበረ ቃል ይዟል፤ ከለለ በግእዝ ከበበ፣ ዙሪያውን ያዘ ነው፤ አክሊልም ራስን የሚከብብ በመሆኑ ከዚያው ወጣ። መንግሥት አንድን ረድፍ ሲከልል አክሊል እየሰጠ ነው፤ ለማን እንደሚሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኛው የፍጥነት መንገድ ዙሪያው በአጥር የተከለለ ነው፤ እግረኛ፣ እንስሳ፣ ጋሪና ባጃጅ አይገባበትም። ታሪፉ በተሽከርካሪው ዓይነትና በተጓዘው ርቀት ይሰላል። ይህ የመንገዱን ዕዳና ጥገና ለመሸፈን ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የተሠራበትን ብድር የሚመልስ መንገድ ድርሻ ይጠይቃል፣ ተጠቃሚውም ይከፍላል። ነገር ግን ሰዓቱን የማያይ ዋጋ ሌሊት በባዶ መንገድ የሚሄደውን ከባድ መኪና ጠዋት በጥድፊያ ከሚገባው ጋር እኩል ያስከፍላል። በሒሳቡ መሠረት የሌሊቱ ሾፌር ከድርሻው በላይ ሰጠ፤ ያ ትርፍ ቀረጥ ነው። የጠዋቱ ሾፌር ደግሞ ከድርሻው በታች ሰጠ፤ ቀሪውን ከኋላው ያሉት በጊዜያቸው ከፈሉለት።

እኔ የምለው ይህን ነው። የክፍያ መንገዶቹ እየበዙ ነው፤ ከድሬዳዋ ደወሌ፣ ከሞጆ ወደ ባቱ ተዘርግተዋል። ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች ሰዓትን ወደ ቀመሩ ያስገቡ፤ ሌሊትን ያርክሱ፣ የጥድፊያውን ሰዓት ያስወድዱ። ሰው በሞላ አውቶቡስና ሚኒባስ ላይ በጥድፊያ ሰዓት የሚጣለው የአንድ መኪና ድርሻ ለተሳፋሪዎቹ ተካፍሎ ይታሰብ፤ አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ታክሲ የሚያዘገየው አንድ ሰው የጫነ መኪና ከሚያዘገየው ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚደርሰው ድርሻ ከአሥራ ሁለት አንድ ነው። አሮጌው የአቃቂ ዱከም መንገድም መክፈል ለማይችለው ሰው ተጠግኖ ይቆይ፤ የፒጉ ምሳሌ የሚሠራው ሁለተኛ መንገድ ሲኖር ብቻ ነው። ይህ ከሆነ ክፍያ የሚለው ስም ለመንገዱ ይገባዋል። ካልሆነ ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ የቆመው ኬላ ነው፣ የሚቀበለውም ቀረጥ ነው።